የጥጤ ጆሮዎች

ድመት አይጥ እንድትይዝ ትመገባለች እንጂ ሐኪም ዘንድ ትወሰዳለች ሲባል በሰፈራችን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ይኸን ጽሑፍ አንብበው የሚስቁብኝ የክፍል ጓደኞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይሳቁ።

ቤታችን በየካ ክፍለ ከተማ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ አስፋልቱ አልቆ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ዘንድ ነው። አይጥ የጤፉን ጆንያ እየበሳ ቢያስቸግረን አያቴ አንድ ቀን ከሾላ ገበያ ሲመለሱ ትንሽ ድመት በዘንቢል ይዘው መጡ። ጠጕሯ እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጭ ስለ ነበረ ጥጤ አልናት። ከወጥ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ መዋል ትወድ ነበር። ይኸ ልማዷ መከራ ያመጣባታል ብሎ ማን ይገምታል?

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. በግራ ጆሮዋ ጫፍ ላይ ትንሽ ቅርፊት አየሁ። የጎረቤት ድመት ቧጭሯት ይሆናል ብዬ ተውሁት። አያቴም ለጋ ቅቤ ቀቡላት። ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ይደማል፣ ደግሞ ይመለሳል፤ በገና ሰሞን የጆሮዋ ጠርዝ አይጥ እንደ በላው ጨርቅ ሆነ። አንድ ምሽት ራሷን ስታራግፍ ደሙ ግድግዳው ላይ ሲረጭ ባየሁ ጊዜ፣ ሕመሟን ላስታግስላት ብዬ እኛ ለራስ ምታት የምንወስደውን ፓራሲታሞል ግማሹን ፈጭቼ በወተት አቀረብሁላት። አሸተተችና ፊቷን አዞረች። እኔም ተቆጣኋት። ይኸን ስጽፍ አሁንም እጄ ይቀዘቅዛል፤ ምክንያቱም ሐኪሙ በኋላ እንደ ነገሩኝ የድመት ጉበት ይኸን መድኃኒት ማርከስ ስለማይችል ደሟን ይመርዘዋል፤ አንዲት ፍሬ እንኳ ልትገድላት ትበቃለች።

የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ እያስጠናሁ ለምረቃ ልብስ ያጠራቀምሁት ገንዘብ ነበረኝ። ለእናቴ በዚያ ላሳክማት ነው ብዬ ብነግራት ዝም ብላ ቆየችና «እትዬ አጥር ለአጥር ሆነው ሰው ምን ይለናል?» አለችኝ። የእትዬን ስም አልጽፍም። የጡት ካንሰር ይዟቸው፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በየሦስት ሳምንቱ ለመድኃኒት የሚመላለሱ ጎረቤታችን ናቸው። ቀደም ሲል ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው እየወረዱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ለእርሳቸው የመድኃኒት ገንዘብ ሲዋጣ እኔ ሃምሳ ብር ብቻ እንደ ሰጠሁ ትዝ አለኝና አፈርሁ። ነገር ግን ሐሳቤን አልለወጥሁም።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው ቅዳሜ ጥጤን በዘንቢል አድርጌ፣ በነጠላ ሸፍኜ፣ በእትዬ ደጃፍ በጣቴ ቆሜ አለፍሁ። መገናኛ በሚወርደው ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ዶሮ መስላው «ክንፏን አስረሻታል?» ቢለኝ ጥጤ ራሷ መለሰችለት፤ ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

በክሊኒኩ ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ውሻቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ውሻው ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ዕጢ ይዞት በየሳምንቱ ቪንክሪስቲን የተባለ መርፌ ይወጋል። ይኸ መድኃኒት ከማዳጋስካር በመጣች አንዲት አበባ ውስጥ የተገኘ ሲሆን የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናትም ይሰጣል። የሰውና የውሻ መድኃኒት አንድ መሆኑን ያን ቀን ነው የተማርሁት።

ሐኪሙ የጥጤን ጆሮ በመብራት አዩና የቆዳ ካንሰር፣ አያቴ ነቀርሳ የሚሉት፣ ሳይሆን እንደማይቀር ነገሩኝ። የነጭ ድመት ጆሮ ቀለም የለውም፤ ጠጕሩም ስስ ነው፤ ስለዚህ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በቀጥታ ያቃጥለዋል። ጨረሩ ደግሞ አንድ ሺሕ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር በመቶ 10 ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ የእንጦጦ ራስ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እኛ «የእንጦጦ ብርድ» እያልን ስናማርር ፀሐዩን ረስተነዋል! መድኃኒቱ ሳይዛመት የሁለቱንም ጆሮ ጠርዝ መቁረጥ ነው አሉ። ለሰው የሚሆን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ልግዛላት ብላቸው ዚንክ ያለበትን ከላሰች ይመርዛታል ብለው ከለከሉኝ።

በማደንዘዣ አስተኝተው ቆረጡላት፤ ቁራጩም ተመርምሮ ካንሰርነቱ ተረጋገጠ። ስፌቱን እንዳትቧጭር ከአሮጌ የራጅ ፊልም የተሠራ አንገትጌ አጠለቁላት። ያን አድርጋ ከበር ጋር እየተጋጨች ስትሄድ አያቴ አማተቡ።

ሐኪሙ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ፀሐይ እንዳያገኛት አዝዘው ነበርና ትምህርት ቤት ስውል ማን ይጠብቃት? ሁለተኛው ቀን ላይ አመለጠች። ስመለስ ጥጤ ከእትዬ መደብ ላይ፣ እትዬም ከአጠገቧ ተቀምጠው አገኘሁ። መሸሸጊያ አጣሁ። በመድኃኒቱ ጠጕራቸው ስላለቀ ያሰሩትን ሻሽ እያስተካከሉ፦

«ምን ሆና ነው?» አሉኝ።

«ካንሰር ነው፤ ቆርጠውላት ነው፣ እትዬ» አልሁ፤ ድምፄ አልወጣ ብሎ።

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ በአንገትጌው ሥር እጃቸውን ሰደው ግንባሯን እያሻሹ «እኔንም እንዲሁ ነው ያደረጉኝ፤ መጀመሪያ ሳምንቱ ነው የሚከፋው። ምን ትበላለች?» አሉ። ለምን ከእኔ ደበቅሽ አላሉኝም። እኔም ስለ ገንዘቡ ልናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ዘንቢሉን ለእርሳቸው ሰጥቼ እሄዳለሁ። እርሳቸውም ፀሐይ አይስማማቸውምና ሁለቱ መስኮቱን በነጠላ ጋርደው ይውላሉ። ስፌቱ በአሥራ አራተኛው ቀን ወጣ። ጥጤ አሁን ጉጉት መስላለች፤ የሰፈሩ ልጆችም እንዲሁ ይጠሯታል። አፍንጫዋን በየሦስት ወሩ ማሳየት አለብኝ። የምረቃ ልብስ ከአክስቴ ልጅ ተውሻለሁ፤ እጅጌው ትንሽ ይረዝማል።

ባለፈው ሐሙስ የእትዬ የሆስፒታል ቀን ነበረ። ጥጤ ከዝግ በራቸው ፊት ተጋድማ አልነሣ አለችኝ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በልጃቸው ተደግፈው ቀስ እያሉ ሲመጡ አዩዋትና ከደጃፉ ቆሙ፤ «ደጅ እንዳላገኝሽ አላልሁሽም?» ብለው በሩን ከፈቱላት፤ እርሷም ቀድማቸው ገባች።