ኡዱን ጊታር አናድርገው

በቤተ ክርስቲያናችሁ የመዘምራን ልምምድ ሲጀመር መጀመሪያ የሚጠየቀው ምንድን ነው? በብዙ ቦታ ዘማሪው ገና አፉን ሳይከፍት “በምን ኮርድ ነው?” ይባላል። ጊታሩ ኮርዱን ካልሰጠ ዝማሬው የሚቆምበት መሬት ያጣ ይመስለናል። እኛ በምናገለግልባት በጅግጅጋ ግን ይህን ጥያቄ የሚፈትን መሣሪያ አለ፤ እርሱም ኡድ ነው። ነገሩ የሙዚቀኞች ብቻ ቢመስልም፣ እስከ መጨረሻው ብታነቡት ቤታችሁንና ጉባኤያችሁን የሚነካ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ከባቢሌ ተነሥታችሁ የካራማራን ተራራ አልፋችሁ ጅግጅጋ ስትገቡ፣ ከዚያም ወደ ቀብሪ በያህ ወይም ወደ ድንበሯ ቶጎ ውጫሌ ስትዘልቁ፣ በሻይ ቤቱና በመኪናው ውስጥ የሶማሌኛ ዜማ ይቀበላችኋል። ዛሬ ብዙው በኪቦርድ የታጀበ ነው። የቆየው ዜማ ግን የኡድ ነው፤ ሶማሌዎች “ካባን” ይሉታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹ የተስፋፋው “ቀራሚ” የተባለው የፍቅር ዜማ ዋና አጃቢው ይኸው መሣሪያ ነው። የዘመናዊ ሶማሌ ሙዚቃ አባት የሚባለው አብዱላሂ ቀርሼ ያደገው በኤደን ሲሆን፣ የታወቀውም በኡዱ ነው። “የኡድ ንጉሥ” የሚባለው ሁደይዲም የበርበራ ተወላጅ ሆኖ በኤደን አድጓል፤ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ለንደን ላይ አረፈ።

ወደ አጥቢያችን ልመለስ። ከአጎቱ ኡድ የወረሰ አንድ ወጣት ወንድም አለን። አጎቱ በየሠርጉ እየተጠራ ይጫወት ነበር። ልጁ ጌታን ካገኘ በኋላ መሣሪያውን ለአምልኮ ይዞ መጣ፤ ሁለት ዓይነት ተቃውሞም ገጠመው። አንዳንድ አባቶች “ይህ የጫት ቤት ዕቃ ነው” አሉ። ለዚህ የባለቤቴ መልስ አጭር ነበር። “ጊታሩስ ዱሮ የት ሲጫወት የኖረ መሰላችሁ?” አላቸው። አባቶችም ስቀው ተዉት። ሁለተኛው ግን ከበድ ይል ነበር። መዘምራኑ በትሕትና “ኮርድ መምታት ከቻልክ ከእኛ ጋር ትገባለህ” አሉት። ልጁ ለወራት ታገለ። ጣቱ እስኪቆስል ቢለማመድም ኮርዱ ይዛነፍበታል። ቀስ በቀስ ከልምምድ ቀረ፤ እሑድም ከኋላ መቀመጥ ጀመረ። አንድ ቀን “እትዬ፣ እኔ ለዚህ አገልግሎት አልተጠራሁም መሰለኝ” አለኝ። ወገኖች ሆይ፣ ሰው ከመሣሪያው ቢለያይ ምንም አይደለም። ከጌታ ቤት ግን ሊለይ ጫፍ ላይ ነበር።

ለምን ተቸገረ? ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ኮርድ ማለት ሦስትና ከዚያ በላይ ድምፆች በአንድነት ሲሰሙ ነው። ጊታር ለዚህ የተመቸ ነው። ስድስት ክር አለው፤ በአንገቱ ላይ “ፍሬት” የሚባሉ የብረት መስመሮች ተደርድረዋል። ጣታችሁ ከብረቱ አጠገብ እስካረፈ ድረስ፣ ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ቢልም ድምፁን ብረቱ ያስተካክለዋል። ኡድ ግን ፍሬት የለውም። ድምፁን የሚወስነው ጣቱ ራሱ ነው። አንድ ጣት በትክክለኛው ቦታ ማሳረፍ የዓመታት ልምድ ይጠይቃል፤ ሦስት ጣቶችን በአንድ ቅጽበት ማሳረፍማ ምን ያህል ይከብድ! በዚያ ላይ ክሮቹ ብዙውን ጊዜ 11 ሲሆኑ አሥሩ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ጣት ሁለት ክር ይጫናል፤ ትንሽ ከተዛነፈ ስሕተቱ በሁለቱም ላይ ይሰማል። አንገቱ አጭር ነው፤ ድምፁም ቶሎ ይጠፋል። ኡድ ኮርድ ፈጽሞ አይወጣውም አልልም፤ የሚሞክሩ ባለሙያዎች አሉ። ነገር ግን የተሠራበት ዓላማ ሌላ ነው፤ እርሱም አንዱን ዜማ አስውቦ መናገር ነው። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ተንሸራትቶ ያልፋል፣ በመምቻው እያንቀጠቀጠ ድምፁን ያረዝማል፣ ከታች የወፍራሙን ክር ድምፅ እየጣለ ዜማውን ያጸናል።

ሌላም ምክንያት አለ። የሶማሌ ዜማ እንደኛ እንደ ደገኞቹ ዜማ በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ነው። ትዝታን እንውሰድ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ጊታር የሚማር ልጅ መጀመሪያ የሚይዛቸው ሦስት ኮርዶች የዶ፣ የፋና የሶል ናቸው። የዶ ኮርድ (ዶ ሚ ሶል) ከትዝታ አይወጣም። የፋ ኮርድ ግን ፋን ያስገባል፤ የሶል ኮርድም ሲን ያስገባል። ሁለቱም ድምፆች በዜማው ውስጥ የሉም። ከዶ ሌላ ሙሉ በሙሉ ከአምስቱ የሚወጣው የላ ኮርድ (ላ ዶ ሚ) ብቻ ነው። እንግዲህ ጊታሩ ሳያስተውል ኮርድ በደረደረ ቁጥር፣ ዜማው ያልጋበዘው እንግዳ ይገባል ማለት ነው። ኡዱ ኮርድ ቢያጣ ድኻ አይደለም። ዜማው ራሱ ብዙ ኮርድ አልጠየቀም።

ይህን ይዤ ከመዘምራኑ ጋር ተቀመጥን። ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥7 ስለ ዋሽንትና ስለ በገና የሚናገረውን አነበብን። እዚያ ላይ የሚጠየቀው መሣሪያው ሌላውን መምሰሉ አይደለም፤ የራሱን ድምፅ ለይቶ መስጠቱ ነው። ካልለየ ሰሚው ምን እንደሚጫወት አያውቅም። በ2ኛ ዜና 5፥13 ደግሞ መለከተኞችና መዘምራን አንድ ድምፅ ሆነው ሲያመሰግኑ እናያለን። አንድ ለመሆን መለከቱ ጸናጽል መሆን አላስፈለገውም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተከፋፈለ። ጊታሩ ኮርዱን ቀንሶ ዶና ሶልን ብቻ በዝግታ ይሰጣል፤ ኡዱ ከዘማሪዋ ጋር ዜማውን ይዞ ይሄዳል፤ ዘማሪዋ ስታርፍ እርሱ ይመልሳል። በድሬዳዋ ያደገውና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ያረፈው አሊ ቢራም ኡድና ጊታር ሁለቱንም ይጫወት ነበር። አንዱን መውደድ ሌላውን መጥላት እንዳልሆነ ከእርሱ ብቻ እንኳ እናያለን። ልጁም ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ።

በዚያው ሰሞን አጥር የምንጋራት ሶማሌ ጎረቤቴ ጠራችኝና “አባዮ፣ ከእናንተ ዘንድ የሰማሁት ካባን ነው?” አለችኝ። ነው አልኳት። “ያባቴ ቤት ትዝ አለኝ” ብላ ሻይ ጋበዘችኝ። ከዚያ ወዲህ ወግ አጥተን አናውቅም። በጊታሩ ኮርድ ብዙ ዓመት ስንዘምር አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም ነበር።

እናቶችና አባቶች፣ ይህ በቤታችንም አለ። አንዱ ልጃችን ሁሉን በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ትምህርቱም፣ ጨዋታውም፣ አገልግሎቱም ይሆንለታል። ሌላው አንድ ነገር ብቻ ያውቃል፤ ያንን ግን አሳምሮ ያውቃል። “ለምን እንደ ወንድምህ አትሆንም?” ስንለው፣ ከኡድ ላይ የጊታር ኮርድ እየፈለግን ነው። የምናገኘው የተዛነፈ ጊታር ነው፤ ኡዱንም እናጣዋለን። በአገልግሎትም እንዲሁ ነው። ከመሐል አገር ወደ ምሥራቁ የምንመጣ አገልጋዮች የለመድነውን መንገድ መለኪያ አድርገን የአገሩን ልጅ ብንመዝነው፣ ቀሎ ይታየናል። ጌታ ግን ብልቶችን እያንዳንዳቸውን እንደ ወደደ በአካሉ አድርጓል (1ኛ ቆሮ. 12፥18)።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት በጉባኤያችሁ ከኋላ የተቀመጠውን ተመልከቱ። “ምን ጎደለህ?” ከማለታችሁ በፊት “ምን ይዘሃል?” ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያም ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቦታ ይልቀቅለት። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ፤ ዝማሬያችሁንም ይቀበል። አሜን።