ሐረር፦ ፎቶግራፍ የማያሳየው

ጌታ ቢፈቅድና ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ሐረር ብትሄዱ፣ ጁገል ውስጥ በፈረንሳዊው ገጣሚ በራምቦ ስም ወደሚጠራው ሙዚየም ጎራ በሉ። ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ሐረር ላይ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር፤ ቤቱ ግን ከእርሱ በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። የድሮዋን ሐረር ፎቶግራፎች ካያችሁ በኋላ ወደ ፈረስ መጋላ ውጡ። «የፈረስ ገበያ» ማለት ነው፤ ስሙ አለ፣ ፈረሶቹ ግን የሉም፤ ዛሬ ባጃጅ ይተራመስበታል። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ግንብ አሁንም ከተማዋን እንደ ከበበ ነው።

ፎቶግራፍ የሚያሳየው የደጁን ነው። እናንተ ግን የሐረሪዎችን ቤት ገብታችሁ እዩ። ከሳሎኑ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ በባህላቸው ሙሽሮች ከሠርጋቸው በኋላ አንድ ሳምንት የሚቆዩባት ናት። ምግባቸውን እንኳ የሚቀበሉት በትንሽ መስኮት ነበር። ዘዳግም 24፥5 ትዝ አለኝ፤ እዚያስ አንድ ዓመት ነው! እኛ በተጋባን በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ለአገልግሎት ገጠር ወጣ። «ሂድ» ያልሁት እኔው ነኝ፤ ግን ለዓመታት በልቤ ይዤው ኖሬአለሁ። የሠርጋችን አልበም ይህን አያውቅም፤ እዚያ ሁለታችንም እንስቃለን።

ክፍሏ ደጃፍ ላይ ቆመን ነገርሁት። «ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። አስጎብኚው ሲጠራን አልሰማነውም።