«አይ ባይድ ብሬድ» ያለውን ልጅ አትቆጡት

ጁባ ውስጥ በካስተም ገበያ አካባቢ ልጅ የምታሳድጉ እናቶችና አባቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ከሰዓት በኋላ የአገራችንን ልጆች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፤ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ «ቴንስ ጀመሩ ወይ?» ብለው ነው። ደብተሩ ሲገለጥም «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» በሦስት ረድፍ ተደርድሮ ማየት ይፈልጋሉ።

ጭንቀቱ ይገባኛል። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻ ስትወጣ እንግሊዝኛን የሥራ ቋንቋዋ አደረገች። ልጁ ግን ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከበር ሲወጣ ደግሞ የጁባ ዓረብኛ ነው የሚሰማው። በጁባ ዓረብኛ ግሱ ራሱ አይለወጥም፤ «አና ሩዋ» ካለ ሄዷል፣ «አና ጊ ሩዋ» ካለ እየሄደ ነው፣ «አና ቢ ሩዋ» ካለ ሊሄድ ነው። ይህን ሲሰማ የዋለ ልጅ «የስተርደይ አይ ጎ» ቢል ስንፍና አይደለም።

አማርኛውም የራሱን ያመጣል። ሲጠሩት «መጣሁ!» የሚል ልጅ ገና ከተቀመጠበት አልተነሳም። እኔም ስጠራው ቁጭ ብሎ «አይ ኬም፣ ቲቸር!» ይለኛል። «ሄድኩ» የሚለው በአሉታ ሲነገር «አልሄድኩም» ይሆናል፤ ያለፈው ጊዜ ከግሱ ጋር እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ «አይ ዲድንት ዌንት» ይላል። እንግሊዝኛ ውስጥ ያለፈውን ጊዜ «ዲድ» ስለሚሸከመው ግሱ ወደ «ጎ» ይመለሳል። ይህ ለትልቅ ሰውም ይከብዳል፤ ታዲያ በሕፃኑ ላይ ምን አስቆጣን?

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ «አይ ባይድ ብሬድ» ያለ ልጅ ሲሳቅበት ነው። «ቦት» ማለት ነበረበት፣ እውነት ነው። ግን «ባይድ» የሚል ሰው ሰምቶ አያውቅም፤ ከ«ፕሌይድ» እና ከ«ዋሽት» ሕጉን ራሱ አውጥቶ ነው የተናገረው። ጂን በርኮ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመችው ጥናት ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ለሆኑ ልጆች የፈጠራ ግሶች ሰጥታ ነበር። «ይህ ሰውዬ ሪክ ማድረግ ያውቃል፤ ትናንትስ ምን አደረገ?» ስትላቸው አብዛኞቹ «ሪክት» አሉ፣ ከዚያ በፊት ያልሰሙትን ቃል! በ«ድ» ወይም በ«ት» በሚያልቁት ግሶች ላይ ግን ብዙዎቹ ተቸገሩ። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ልጆች እንኳ «ዎንቲድ» ዓይነቱን የሚይዙት ቆይተው ነው።

እኔ ልጁ «ባይድ» ሲለኝ «ኦ፣ ዩ ቦት ብሬድ! ዌር ዲድ ዩ ባይ ኢት?» ብዬ እቀጥላለሁ፤ ትክክለኛውን ይሰማል፣ ወሬውም አይቋረጥም። የቴንሶቹን ስም ለዚህ ዕድሜ አላስተምርም። ትናንት ያደረጉትን፣ አሁን የሚያደርጉትን፣ ነገ የሚያደርጉትን እናወራለን፤ በተለይ ትናንትን። ገበያ ውስጥ ለሚያድግ ልጅ የትናንት ወሬ መች ይጠፋል? ዝናቡ ዕቃ አበላሸ፣ ጀነሬተሩ ጠፋ፣ አባባ ከቦዳ ሞተር ነጂው ጋር በዋጋ ተከራከረ። «ሶው፣ ኬም፣ ቱክ፣ ጌቭ» የሚሉት አስቸጋሪ ግሶች እዚያው ደጋግመው ይመጣሉ፤ ከሰንጠረዥ ይልቅ ከወሬ ውስጥ ነው የሚጣበቁት።

አሁን ወደምለምናችሁ ልምጣ። አንዳንዶቻችሁ «እንግሊዝኛው እንዲገባው» ብላችሁ ቤት ውስጥ አማርኛ አቁማችኋል። እባካችሁ መልሱት። «እማማ የት ናት?» ሲባል «ገበያ ሄዳለች» ብሎ የሚመልስ ልጅ ሄዳ እስካሁን እንዳልተመለሰች ያውቃል፤ «ትናንት ሄደች» ከሚለው ይለየዋል። ትልልቆቹን ተማሪዎች የሚያስጨንቀው የ«ሺ ሃዝ ጎን» እና የ«ሺ ዌንት» ልዩነት ይኸው ነው። ማታ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ «ዛሬ ምን ሆነ?» በሏቸው፣ በአማርኛ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዲተርኩላችሁ። እንግሊዝኛውን በማግስቱ እኔ እቀጥላለሁ።