የእናቴ ተራና የወንድሜ ተራ

አሜሪካ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ዜግነት ካገኘች በኋላ እናታችንንና ከሕፃንነቱ ጀምሮ መራመድ የማይችለውን ታላቅ ወንድማችንን ለመውሰድ አመለከተች። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ አለን። ነገሩ ግን፣ ውድ አንባብያን፣ ከሩቅ እንደሚታየው አይደለም።

በዚያ አገር ሕግ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ዜጋ ወላጁን ሲጠራ የቪዛ ቁጥር አይገደብበትም። ወንድሙን ወይም እኅቱን ሲጠራ ግን እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሕግ ለዓለም ሁሉ በዓመት የመደበው 65,000 ያህል ቪዛ ስለሆነ፣ ተራው ከ10 ዓመት በላይ ያስጠብቃል። በእናት ቪዛ ደግሞ ልጅ አብሮ አይገባም። እናቴ ቀድማ ሄዳ የመኖሪያ ፈቃድ ብታገኝ ያላገባ ልጇን መጥራት ትችላለች፤ ይህም ቢሆን የዓመታት ጥበቃ አለበት።

እስከዚያ ድረስ ወንድሜን ማን ያነሣዋል? ሌሊት ጎኑን የምታገላብጠው፣ ጠዋት አጥባ ፀሐይ ላይ የምታስቀምጠው እርሷ ናት። ሕጉ ሰውን አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ በእኛ ቤት ግን ሁለቱ የሚቈጠሩት እንደ አንድ ነው። እኔ እንከባከበዋለሁ ብያለሁ፤ ነገር ግን ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን እጨርሳለሁ፣ የምመደብበት ዩኒቨርሲቲም ሩቅ ሊሆን ይችላል። (ጓደኞቼ «አንተስ መቼ ነው የምትበረው?» እያሉ ይቀልዱብኛል።)

ወንድሜ «ሂጂ እንጂ፣ ምን ታደርጊያለሽ» ይላታል። እርሷ ግን ምን እንደምትወስን እስካሁን አልነገረችንም።