ቤንዚን ቆጣቢዋ መኪና ሻንቶ ደርሳ ተፈተነች!

በዚህ ዓምድ ስለ ትዳር፣ ስለ ጤናና ስለ ቤት ኪራይ ስናወጋ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ስለ መኪና እናውጋ፤ ወጉ የሚጀምረው ግን ከአንድ የስልክ ጥሪ ነው።

ደዋዩ የድሮ ወዳጄ፣ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ኑሮው ወላይታ፣ የዳሞት ፑላሳ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በሻንቶ ከተማ ነው። "ስማ እንጂ" አለኝ፤ "መኪና ልገዛ ነው። ደላላው ሁለት አቀረበልኝ። አንዷ ተራ ቤንዚን፣ ሌላዋ ሃይብሪድ። ሃይብሪዷ 400,000 ብር ትበልጣለች። ነዳጅ ታሸታለች እንጂ አትጠጣም ይለኛል። ምን ይሻለኛል?"

400,000 ብር! ይህ እኮ ቀልድ አይደለም። ገንዘቡ የመጣው ከየት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጁ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ቀን ከሌት ቆሞ የላከው ነው። መኪናውም ለታይታ አይደለም። ባለቤቱ ሶዶ ሆስፒታል በሳምንት ሁለት ቀን ክትትል አላት። አንድ ሌሊት አሟት በባጃጅ ሲሄዱ ያዩትን ፍዳ ስለነገረኝ "ቆይ፣ መጥቼ እነግርሃለሁ" ብዬ ዘጋሁት።

አዲስ አበባ ውስጥ በሃይብሪድ መኪና የሜትር ታክሲ የሚሠራ ጎረቤት አለኝ። እሱን ለመንኩና ቅዳሜ ጠዋት ተነሣን።

ከጀሞ እስከ ሶዶ

ጀሞ ላይ የመኪናው ሰልፍ አላላውስ አለን። ከአሁን አሁን እንሄዳለን ስንል መኪናዋ ጸጥ አለች። "ጠፋችብህ እንዴ?" አልኩት ደንግጬ። ሾፌሩ ሳቀ። "አልጠፋችም፤ ቤንዚኑን አቁማ በባትሪ ነው ያለችው። እኔን የምታበላኝ እዚህ ነው" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃይብሪድ ማለት አንድ የቤንዚን ሞተርና አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ያላት መኪና ናት። ተራዋ መኪና ፍሬን ሲያዝ ጉልበቷ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሃይብሪዷ ግን ከዚያ ጉልበት ከፊሉን መልሳ ባትሪዋን ትሞላበታለች፤ ስትነሣ ደግሞ በዚያው ትገፋለች። ቶዮታ ፕሪየስን ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው በፈረንጆቹ 1997 ነው፤ እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም። ትርፉም ያለው ቁም ተነሣ በበዛበት ከተማ ውስጥ ነው።

ዓለም ገናን አልፈን፣ የጢያን ትክል ድንጋዮች ተሰናብተን ወደ ቡታጅራ ስንገሰግስ ጸጥታው ቀረ። ሞተሯ ያለ ዕረፍት ትሠራለች። ሾፌሩ ራሱ አመነ፤ "አውራ ጎዳና ላይ እሷም እንደማንም መኪና ናት። ትንሽ ትቆጥባለች፤ ግን እንደ ከተማው አይደለም።" ይህን ቃል በማስታወሻዬ ያዝኩ። በሆሳዕና አድርገን ከዳሞታ ተራራ ሥር ሶዶ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የወላይታን ቁርጥ በዳጣ እያጣቀስን የመንገዱን ድካም ረሳነው።

ሻንቶ ላይ

በማግሥቱ ሻንቶ ገባን። የእንሰቱ አረንጓዴ ዓይን ይማርካል። መንገዱን የያዙት ባጃጅና ሞተር ሳይክል ናቸው። ቤንዚን ደግሞ በሃይላንድ ተሞልቶ ይሸጣል፤ ዋጋው ማደያ ላይ ከተጻፈው ጋር ዝምድና የለውም። ወዳጄ "አየህ፣ ለዚህ ነው ሃይብሪድ ያማረኝ" አለኝ። እውነት አለው። ሰልፍ ተሰልፎ የተገኘ አንድ ሊትር ሩቅ ቢያደርስ ማን ይጠላል?

ከሰዓት በኋላ ወደ ዘመዶቹ መንደር ወጣን። እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው። ቦይ ስንሻገር የመኪናዋ ሆድ ከድንጋይ ጋር ተላተመ። አቧራው ደግሞ አይጣል ነው! ስንመለስ ሾፌሩ በኋላ ወንበር አጠገብ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ከፍቶ ማጣሪያውን አሳየን፤ ቡናማ ብርድ ልብስ መስሏል። "ትልቁ ባትሪ የሚተነፍሰው በዚህ ነው። ከታፈነ ይግላል፤ ከጋለ ዕድሜው ያጥራል። እኔ አዲስ አበባ በየጊዜው አስጠርገዋለሁ፤ እዚህ ማን ይጠርገዋል?" አለ።

ሶዶ ስንመለስ አንድ ጋራዥ ጎራ ብለን ጠየቅን። መካኒኩ ቅን ሰው ነው። "ጎማ፣ ፍሬን፣ ዘይት እሠራለሁ። ብርቱካናማ ሽቦ ያለበትን ግን አልነካም፤ ሰው ይገድላል። አዲስ አበባ ውሰዱት" አለን። ልክ ነው፤ ብርቱካናማው ሽቦ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበት ነው፤ ያልሠለጠነ እጅ ሊነካው አይገባም።

እስቲ እናስላው!

ማታ ወዳጄ ቤት እርሳስና ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። የነዳጅ ዋጋ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። እኛ ለሒሳቡ እንዲመቸን 130 ብር ብለን ያዝን።

ወዳጄ ሶዶ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢመላለስ፣ ለቅሶና ሠርግ ቢጨመር፣ በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ብንል አብዝተናል። ተራዋ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር፣ ሃይብሪዷ 5 ሊትር ትበላለች እንበል። በወር የሚተርፈው 20 ሊትር፣ ማለትም 2,600 ብር ነው። በዓመት 31,200 ብር። 400,000 ብሩን ለመመለስ 13 ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው! ባትሪው እስከዚያ ይቆያል ወይ? ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለባትሪው የሚሰጠው ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ነው። ወዳጄ የሚገዛት ግን ያገለገለች ናት፤ ከደላላ ጋር ደግሞ ዋስትና የለም።

ሾፌሩ "የኔንም አስሉ" አለ። እሱ በከተማ በወር 4,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል። በዚያ ሰልፍ ተራዋ 9 ሊትር፣ የሱ 5 ሊትር ብንል በወር 160 ሊትር፣ ማለትም 20,800 ብር ይተርፈዋል። 400,000 ብሩን በ20 ወር ውስጥ መለሰ ማለት ነው። መኪናዋ አንድ ዓይነት፣ ዋጋዋ አንድ ዓይነት፤ ለአንዱ እንጀራ፣ ለሌላው ዕዳ!

ኤሌክትሪኩስ?

"ታዲያ ሙሉ ኤሌክትሪኩን ልግዛ?" አለ ወዳጄ። ጥያቄው ያለ ነገር አልመጣም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታውቋል። ወላይታና ዳውሮ መካከል፣ ኦሞ ወንዝ ላይ፣ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ወንዙ ጎረቤት ነው፤ ግን ይህን እያወራን ሳለ መብራት ድርግም አለና በሻማ ቀጠልን! ማንም ሳቁን አልቻለም። ቤቱ መብራት የማይጠፋበትና ውሎ ገብ የሆነ ሰው ኤሌክትሪኩን ቢያስብ ያምርበታል። ሌሊት በሽተኛ ይዞ መውጣት ያለበት ሰው ግን ይጠንቀቅ።

የባለቤቲቱ ፍርድ

እስካሁን ዝም ብላ ቡና ስታፈላ የነበረችው ባለቤቱ ተናገረች። ወላይታ ለጊፋታ በዓል ወንዱ ለበሬው፣ ሴቷ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ማጠራቀም ልማድ ነው። "እኔ የቅቤ ገንዘብ የማጠራቅመው ቅቤ ለመብላት ነው፤ የቅቤ ዕቃው እንዲያምር አይደለም" አለች። "ሆስፒታል የምታደርሰኝን፣ እዚሁ ሶዶ የምትሠራውን ግዛ። ከትርፉ 100,000 ለመለዋወጫና ለሕክምና ይቀመጥ። 300,000ው የልጄ ነው። ሲመጣ ሥራ ይጀምርበት፤ ልጄ መኪና ሆኖ አይመለስልኝም።"

ቤቱ ጸጥ አለ። ወዳጄ ቀና ብሎ "በቃ" አለ። እኔ በበኩሌ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከአዲስ አበባ የተነሣሁት "ሃይብሪድ ግዛ" ልለው ነበር።

ለእናንተስ?

ውድ አንባቢያን፣ ሃይብሪድ መጥፎ ናት አላልንም። ስትገዙ ግን እነዚህን ጠይቁ፦

1. በወር ስንት ኪሎ ሜትር ትነዳላችሁ? ከተማ ውስጥ ነው ወይስ አውራ ጎዳና?
2. የዋጋውን ልዩነት በወር ለሚተርፈው ብር አካፍሉ። ከአምስት ዓመት ከበለጠ ደግማችሁ አስቡ።
3. ያገለገለች ከሆነች ባትሪውን በኮምፒውተር ሳታስመረምሩ ቀብድ አትክፈሉ። የባትሪ ማራገቢያውንም አስከፍታችሁ እዩ።
4. በምትኖሩበት ከተማ የሚጠግናት ባለሙያ አለ?
5. ገንዘቡ የማን ላብ ነው?

የመጨረሻዋን ጥያቄ እኔ አላመጣኋትም፤ ከሻንቶ ይዣት የመጣሁ ስጦታ ናት። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ መንገዳችሁ የቀና ይሁን። ቸር ሰንብቱ!