ያለ ጉዳይ አዲስ አበባ

መቱ ውስጥ «አዲስ አበባ ልሄድ ነው» ብትሉ የምትሰሙት መልስ «መልካም ጉዞ!» አይደለም። «ምነው? ማን ታመመ?» ነው። የታመመ ሰው ከሌለ ቀጣዩ ግምት የፍርድ ቤት ክስ ነው። እሱም ካልሆነ ለቅሶ፣ ፓስፖርት ወይም የአንድ ቢሮ ማኅተም። ከመቱ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ተንገላትቶ «ከተማ ላይ ነው የምሄደው» የሚል ሰው ጤንነቱ ራሱ ያጠራጥራል።

አባዬ መቱ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታሪክ ያስተማረ ሰው ነው። አዲስ አበባ አራት ጊዜ መጥቷል፤ ሁለቴ ለሕክምና፣ አንዴ ለለቅሶ፣ አንዴ ለማኅተም። ስለ ማኅተሙ ጉዞ ሲያወራ የሚያስታውሰው የቢሮውን ደረጃ ብቻ ነው። ከተማዋን ቀና ብሎ ያየበት ቀን የለም። እማዬማ ጭራሽ መጥታ አታውቅም ነበር።

እናላችሁ በ2010 ዓ.ም. ሥራ ይዤ፣ አንድ ክፍል ቤትም ተከራይቼ ስለነበር፣ ደወልኩና «ኑ፣ ከተማ ላሳያችሁ» አልኳቸው። አባዬ ትንሽ ዝም አለና «መቼ?» አለኝ። ቀላል ጥያቄ ይመስላል አይደል? እስቲ አብረን እናስላው።

መስከረም ላይ ትምህርት ይከፈታል፤ አባዬም ታናሽ እህቴም ክፍል ይገባሉ። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መንገዱም ይደርቃል። ግን ያኔ ቡና ይለቀማል፤ ኢሉባቦር ውስጥ ጓሮው ቡና ያለው ሰው ደግሞ በለቀማ ሰዓት ከቤቱ ንቅንቅ አይልም። ጥር ሰርግ ነው። ከዚያ ጾም፣ ፋሲካ፣ ፈተና… ተርፎ የሚገኘው ሐምሌና ነሐሴ ብቻ ነው። አገራችን ለቤተሰብ የሰጠችው የዕረፍት ጊዜ ዶፍ የሚወርድበት ጊዜ ነው ማለት ነው! ዝናብ ሳይነካኝ አዲስ አበባን ልይ ያለ የክፍለ ሀገር መምህር ጡረታውን መጠበቅ አለበት። ጡረታ ሲወጣ ደግሞ የሚመጣው ለሐኪም ነው።

ስለዚህ ነሐሴ ላይ መጡ።

ዝናብ ለኛ ብርቅ ሆኖ አይደለም። የጎሬ ዓመታዊ ዝናብ በአማካይ 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባ 1200 ገደማ። በቁጥር ከሄድን የአዲስ አበባ ዝናብ ለኢሉባቦር ሰው ካፊያ ነው። ግን እኛ ጋ ዝናቡን ዛፉ ይቀበለዋል፣ አፈሩ ይጠጣዋል። እዚህ አስፋልት ላይ ይወርድና መሄጃ ያጣል። ብርዱም አለ፤ አዲስ አበባ ከመቱ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። እማዬ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ጋቢዋን ተከናንባ እኔ ቤት ወጥ ስትሠራ አሳለፈች። «ለዝናብ ዝናብማ መቱም አለልኝ» አለች። ነገሩ ግን ዝናቡ ብቻ አልነበረም። ያለ ጉዳይ ከቤት መውጣት አሳፍሯታል።

በሦስተኛው ቀን ለምነን አወጣናት። ዝናቡን ያየ የላዳ ሹፌር ዋጋውን በእጥፍ ጠራው። አንድ ድልድይ ሥር ስናልፍ ከላይ የሚወርደውን ውኃ አይቶ አባዬ «ሶርን እዚህ ማን አመጣው?» አለ (ላልሰማችሁ፣ ሶር ከመቱ ወጣ ብሎ ያለው ፏፏቴያችን ነው)። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ገባን፤ አንበሳው ብርዱ አስመርሮት ጀርባውን ሰጠን። እህቴ የጀርባውን ፎቶ አነሳች።

ከዚያ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ወረድን። አባዬ ድንቅነሽ ፊት ቆሞ ቀረ። በ1967 ዓ.ም. አፋር ሀዳር ላይ መገኘቷን፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን ለስንቱ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ጽፏል! እኔ ደግሞ አዋቂ ነኝ ብዬ «አባዬ፣ ይቺ እኮ ቅጂዋ ናት፤ ዋናው አጥንት የሚቀመጠው ካዝና ውስጥ ነው» አልኩት። «ግድ የለም፣ እኔም ሳስተምር የኖርኩት ቅጂዋን ነው» አለ። ድንቅነሽ በ1999 ዓ.ም. ነሐሴ ወደ አሜሪካ ሄዳ በ2005 መመለሷን ስነግራቸው እማዬ ጣልቃ ገባች። «እሷ ይሄን ሁሉ ዓመት አሜሪካን ከዞረች እኔ አንድ ሳምንት አዲስ አበባን ብዞር ምናለበት!» ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማኅበራችንን የምትመራው እማዬ ሆነች።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዙፋን ያለበት ክፍል ስንደርስ ጣሪያው በበረዶ ይንኳኳ ጀመር። ዝናብ ሸሽተው የገቡ አራት አምስት ጎረምሶችም ከኛ ጋ ቆመዋል። አባዬ ለእህቴ ያወራ መስሎ ጀመረ። ጣልያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ መንግሥት የተባለው ነገር ወደ ጎሬ፣ ወደኛው ኢሉባቦር ዞረ። መጀመሪያ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ፣ በኋላም ራስ እምሩ እዚያ ነበሩ። ክረምት ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙላት። ጣልያን ምዕራቡን ለመያዝ ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ነበረበት። ጎሬ የገባው ኅዳር 1929 ነው። «ያኔ ያቆየን ይሄ የምታማርሩት ዝናብ ነው» አለ አባዬ፣ ጣሪያውን እያሳየ።

ከጎረምሶቹ አንዱ «ጋሼ፣ ጎሬ የት ነው?» ሲል ጠየቀው። አባዬ ጭጋግ የያዘው መስኮት ላይ በጣቱ ካርታ ሣለለት፤ ጅማ፣ በደሌ፣ መቱ፣ ጎሬ። ልጆቹ ተከበቡት። ሰማዩ ብራ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ልጆች ሙዚየም ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር?

በማግስቱም ዘነበ። በእማዬ ትእዛዝ ባቡር ተሳፈርን። ከጦር ኃይሎች እስከ አያት በ6 ብር ከጣሪያ ጋር! እማዬ በነጠላዋ መስኮቱን እየጠረገች ሜክሲኮን፣ ለገሃርን፣ ስታዲየምን፣ እስጢፋኖስን ስማቸውን ጠየቀች። አያት ደርሰን ስንመለስ ራሷ ለእህቴ ትነግራት ጀመር።

በ2015 ዓ.ም. እማዬ ታመመችና አዲስ አበባ ለሕክምና መጣች። ወደ ሐኪም ስንሄድ ፈርታ ነበር፤ እጄን አልለቀቀችም። መስቀል አደባባይ ስንደርስ ግን ቀና ብላ «በባቡር ያለፍንበት አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ያወራነው ስለ አንበሳው ጀርባ ነበር። ዛሬ ደህና ናት፤ ተመስገን። ግን አስቡት፤ ከተማዋን መጀመሪያ ያወቀቻት በዚያ ቀን ቢሆን ኖሮስ?

ወዳጆቼ፣ ቤተሰባችሁ መቱም ይሁን ደሴ፣ ጥቅምትን አትጠብቁ። ጥቅምት ቡናም እህልም ትምህርትም አለ። የሚታየውም ጨምሯል፤ አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም.፣ ፒያሳ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. ተከፍተዋል። ጃንጥላ፣ ጋቢና ትርፍ ካልሲ ያዙ። «ማን ታመመ?» ለሚል ጎረቤት «ማንም!» የሚል መልስ እንዲሰጡ ንገሯቸው።

መልካም ክረምት!