በአለቱ ላይ ያለችው አሮጌ ከተማ

የሞናኮ ስም በተነሣ ቁጥር የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ሞንቴ ካርሎ ቁማር ቤትና ወደ መኪና እሽቅድምድሙ ነው። ስፋቷ 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሆነው ይህች ልዑል የሚገዛት አገር ግን ቁማር ቤቱ ከመምጣቱ በፊት ከ600 ዓመት በላይ ታሪክ ነበራት። ያ ታሪክ የሚገኘው ከወደቡ ማዶ፣ ከሜዲትራኒያን ባሕር በላይ 60 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በቆመው ቋጥኝ ላይ ነው። የአገሩ ሰዎች ባጭሩ «አለቱ» ይሉታል።

ጎብኚው ጥንታዊ የግንብ በሮችን እያቋረጠ ዳገቱን ሲጨርስ ከቤተ መንግሥቱ አደባባይ ይደርሳል። ሥፍራውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1215 ምሽግ አድርገው መገንባት የጀመሩት የጄኖዋ ሰዎች ናቸው። በ1297 በጃንዋሪ 8 ሌሊት ግን ከጄኖዋ የተባረረው ወገን አባል የሆነ ፍራንቼስኮ ግሪማልዲ የመነኩሴ ልብስ ለብሶ በሩን አንኳኳ፤ በሩ ሲከፈትለትም ከልብሱ ሥር የሸሸገውን ሰይፍ መዘዘ ተብሎ ይተረካል። ቅጽል ስሙ «ማሊዚያ»፣ ማለትም ተንኮለኛው፣ ነበር። ቤተሰቡ ምሽጉን ደጋግሞ ቢያጣውም ደጋግሞ ተመልሶበታል። ብዙ ገዢዎች የአያቶቻቸውን ተንኮል በታሪክ ጸሐፊ ብዕር ሲያስሸፍኑ፣ ግሪማልዲዎች ሰይፍ የመዘዙ ሁለት መነኮሳትን በዓርማቸው ላይ አሥለው ለሕዝብ አሳዩ። ይህ ድፍረት የሚያስመሰግን ነው።

በየቀኑ ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ዘበኞች ይለዋወጣሉ፤ በበጋ ነጭ፣ በክረምት ጥቁር ለብሰው። አደባባዩ በሰው የሚጨናነቀው በዚያች ሰዓት ነው።

ከዚያ ሕዝቡ ወደ ካቴድራሉ ይጎርፋል። ከዝነኛ የፊልም ተዋናይነት ወደ ልዕልትነት የተሸጋገረችውና በ1982 በመኪና አደጋ ያረፈችው ግሬስ ኬሊ የተቀበረችው እዚያ ነው። መቃብሯ ላይ ስሟ በላቲን የተቀረጸበት ተራ ድንጋይ ብቻ አለ፤ በ2005 ያረፉት ባለቤቷ ልዑል ሬኒየር ሦስተኛም ከጎኗ ናቸው። ሠዓሊው ሉዊ ብሬያ በ1500 የሠራው የቅዱስ ኒቆላዎስ ሥዕል እዚያው እያለ፣ ከመቃብሩ የሚነሣው ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ሳያየው ያልፋል። ለሥነ ጥበብ ወዳጅ ግን የካቴድራሉ ትልቁ ሀብት ይኸው ሥዕል ነው።

ከአለቱ ጫፍ ሆኖ ወደ ታች ለሚመለከት የአገሪቱ ኑሮ በግልጽ ይታየዋል። ሞናኮ ማንቶንና ሮክብሩን የተባሉትን ከተሞች በ1848 አጣች፤ በ1861 ደግሞ በ4 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ ለፈረንሳይ ለቀቀቻቸው። ከግዛቷ የቀረላት ከሃያ አንድ እጅ ያህል ነበር። ወደ ቁማር የገፋት ይህ ድህነት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገቢው ዜጎቿን ከግብር ነፃ አወጣቸው፤ ራሳቸው ግን በቁማር ጠረጴዛ እንዳይቀመጡ ተከለከሉ። በሌላ በኩል፣ ከባሕር በተነጠቀው የፎንቪዬ ሠፈር፣ ገንዘቤ ዲባባ በጁላይ 17 ቀን 2015 የ1500 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ3 ደቂቃ ከ50.07 ሰከንድ የሰበረችበት ስታዲየም ይታያል።

የአለቱ ጠባብ ጎዳናዎች ንጹሐን ናቸው፤ ምናልባትም ከመጠን በላይ። የምድር ቤቶቹ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ሆነዋል፤ የሚጠራቸው ደንበኛ በአውቶቡስና በመርከብ መጥቶ ማታ የሚመለስ ነው። እንዲህ ያለ ሠፈር የሰው መኖሪያ መሆኑ ቀርቶ የቴአትር መድረክ እንዳይሆን ያሰጋል። ሥጋቱን የሚያቀለው በየማዕዘኑ የተለጠፈው የጎዳና ስም ነው፤ በፈረንሳይኛና የጄኖዋ ዘመድ በሆነው በሞናኮኛ ተጽፏል። መሐንዲሱ ሉዊ ኖታሪ በ1927 ስለ ቅድስት ዴቮታ የሚተርክ መጽሐፍ እስካሳተመ ድረስ ይህ ቋንቋ የአፍ እንጂ የጽሑፍ ቋንቋ አልነበረም። ዛሬ የሚዘመረውን የብሔራዊ መዝሙር ግጥምም በዚሁ ቋንቋ የደረሰው እሱ ነው። ከ1976 ጀምሮ ቋንቋው በትምህርት ቤት ይሰጣል።

ሲመሽ ሱቆቹ ይዘጋሉ። ጎብኚዎቹ ዳገቱን ወርደው ሲያልቁ፣ ከመስኮቶቹ የአንዳንዱ መብራት ይበራል፤ የሌላው ግን ጨለማ እንደ ሆነ ያድራል።